ቦምቤ ላይ ዝቅ ብሎ የዋለው ባንዲራ

ጩማ ሶርሳ ባንዲራ በሚሰቅልበት ጊዜ ሰው ቢያናግረው አይመልስም ነበር። ምክትል ገዥው ራሳቸው ቢጠሩት እንኳ ባንዲራው ጫፍ ደርሶ ገመዱ እስኪታሰር ጀርባውን እንደሰጠ ይቆይና ከዚያ ዞሮ «አቤት፣ ጌታዬ» ይላል። የወላይታዋ ትንሽ ከተማ የቦምቤ ጽሕፈት ቤት የቀጠረው በዘበኝነትና በተላላኪነት ነው። ደብዳቤ ያደርሳል፣ ግቢ ይጠብቃል፣ ባለጉዳይ ያሰልፋል። የቦምቤ ሰው ግን በዚህ ሁሉ አያውቀውም። ለቦምቤ ሰው ጩማ ባለ ባንዲራው ነው።

ጠዋት ፊሽካውን ሲነፋ መንገደኛው ሁሉ ባለበት ይቆማል። ሴቲቱ ከነሸክሟ፣ በቅሎ ጎታቹ ከነበቅሎው፣ ሱቅ ከፋቹ ቁልፉን በሩ ላይ እንደሰካ። የነጋዴው የደገፉ በቅሎ ፊሽካውን ስትሰማ ከጌታዋ ቀድማ ትቆማለች እየተባለ ይቀለድ ነበር። ማታም እንዲሁ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩ ጨርቅ፣ መሐሉ ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ ተስሎበት፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ጩማ መሬት ሳያስነካ በክንዱ ይቀበለውና አንበሳው ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጎ ያጥፈዋል።

ይህን ሥራ እንዲወድ ያደረገው በወጣትነቱ ያየው ነገር ነው። ጩማ የተወለደው ሶዶ አጠገብ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር ነው። ጣሊያን በገባ ጊዜ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ አሸክመውት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ባለ ሦስት ቀለሙን ጨርቅ ያየ ሰው የለም። ቤቱ የተገኘበትም ይቀጣ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ባንዲራው ተመልሶ ሲሰቀል ጩማ ሕዝቡ መሐል ቆሞ አየ። የተሰቀለበት እንጨት ልጡ እንኳ ያልተላጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር። ከጎኑ የቆመ ሽማግሌ ወታደር እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ጩማ ያኔ አማርኛ ስላልነበረው ለምን እንደሚያለቅስ አልጠየቀውም። በኋላ በወታደሮች ግቢ እንጨት እየፈለጠ፣ ውሃ እየቀዳ ቋንቋውን ለመደ። አማርኛው ወንድና ሴትን እንዳምታታ እስከ መጨረሻው ቀረ።

በዓል ሲሆን ምክትል ገዥው ባላምባራስ አድነው የባንዲራውን ትርጉም ለሕዝቡ ያስረዳሉ፤ ጩማ ደግሞ በወላይትኛ ይተረጉማል። ባላምባራስ «አረንጓዴው የምድራችን ልምላሜ ነው» ሲሉ ጩማ ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ከጓሯችሁ የቆመው ኡታ ነው፤ እሱ እያለ ማንም አይራብም» ይላል። ኡታ እንሰት ነው። ባላምባራስ «ቢጫው ተስፋ ነው» ሲሉ «ጊፋታ ሲደርስ የሚፈነዳው አበባ ነው፤ ክረምቱ አለቀ የሚለን» ይላል። ጊፋታ የወላይታ አዲስ ዓመት ነው። ወደ ቀዩ ሲደርሱ ባላምባራስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ጀግኖች ደም ብዙ ይናገራሉ። ጩማ ግን ጎንበስ ብሎ ከመሬቱ ቀይ አፈር ቆንጠር ያደርግና ለሕዝቡ ያሳያል።

ጸሐፊው እሸቴ ይቆጣዋል። «ጩማ፣ ባላምባራስ ያላሉትን ትጨምራለህ!»

«አልጨመርኩም፣ ጋሼ እሸቴ። ባንዲራዋ ሩቅ ነው፤ ወደ ሰው አቀረብኩት እንጂ።»

«ባንዲራዋ ሩቅ ነው! በል አንድ ቀን ወይ ወንድ ወይ ሴት አድርጋት።»

ይህን ትርጓሜ ሁሉም አልተቀበለውም። ሽማግሌው አባ ባዳቾ አንድ ጊዜ ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ጩማን ጠጋ ብለው፣ «አባቴ ይህን ጨርቅ መጀመሪያ ያየው አገራችንን ሊይዝ መጥቶ ከሚያባርረው ሠራዊት ፊት ነበር፤ ያን ጊዜ ስለ ኡታ አልነገሩትም። የእኛ የካዎው ምልክት ጦር ነበር» ብለውት ነበር። ካዎ የወላይታ ንጉሥ ነው። ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው በዓል ላይ አባ ባዳቾ ራሳቸው ከፊት ቆመው ሲሰሙ ጩማ አያቸው። ምን እንዳመጣቸው አልጠየቀም።

በየካቲት 1954 ዓ.ም. እቴጌ ባረፉ ጊዜ፣ ባንዲራው ከእንጨቱ እኩሌታ ላይ ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ ትእዛዝ መጣ። ቦምቤ እንዲህ ያለ ነገር ዓይቶ አያውቅም። ገበያተኛው ገመዱ የተበጠሰ መስሎት ሲሳሳቅ፣ ባላምባራስ ጩማን ጠርተው «አስረዳቸው» አሉት። ጩማ ድንጋይ ላይ ወጣ።

«ባንዲራው አንገቱን ደፍቷል። የንጉሥ ቤት ሞት ሲገባ እንዲህ ይሆናል። እናንተ ሬሳውን አታዩም፤ ሩቅ ነው። ባንዲራው ግን ያውቃል።»

ሕዝቡ ገባው። በማግሥቱ ከየመንደሩ ጦርና ጋሻ የያዙ ወንዶች፣ የአገሩን ባለ መስመር የክት ልብስ ዱንጉዛ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ደረታቸውን የሚመቱ ሴቶች ጎረፉ፤ ጥሩንባ ተነፋ፤ በወላይታ ወግ ለትልቅ ሰው የሚገባው ለቅሶ ሁሉ ባንዲራው ሥር ተለቀሰ። ባላምባራስ በሕዝባቸው ኮሩ። ጩማንም ከሰው ፊት አመሰገኑት።

የጩማ ሚስት ፈጠነች ያረፈችው በ1958 ዓ.ም. ጥቅምት፣ የጃንሆይ የዘውድ በዓል ዋዜማ ላይ ነው። ታማ ብዙም አልቆየችም። ዘመዶቿ ለቅሶውን ሊያቆሙ ሲነሱ ጩማ ለመናቸው። ነገ በዓል ነው፤ እንግዶች ከሶዶ ይመጣሉ፤ ልጆች ይዘምራሉ፤ ድምፃችሁን ያዙልኝ፣ ከበዓሉ በኋላ እንደ ወጉ እናለቅስላታለን አላቸው። እነሱም እሺ አሉ። በጸጥታ ቀበራት። በማግሥቱ ጠዋት ፊሽካውን ነፍቶ ባንዲራውን እስከ ጫፍ አወጣው። ያን ቀን ነፋስ ነበረና ጨርቁ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ቀኑን ሙሉ ከጆሮው አልወጣም።

ከበዓሉ በኋላ ግን አዝመራ ደረሰ። ዘመድ ተበታተነ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው «እግዜር ያጥናህ» ይለዋል፤ እሱም «አሜን» ይላል። የተባለው ለቅሶ በዚያው ቀረ። ልጁ ቢጠና ስላገባች ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነበር። ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ለመነሣት አንድም ምክንያት አይታየውም፤ ከዚያ ባንዲራው ትዝ ይለዋል፤ ይነሣል። ጎረቤቱ እታፈራሁ «ያቺ ጨርቅ ባትኖር ይህ ሰው ከመደቡ ላይ ተጣብቆ ይቀር ነበር» ትል ነበር። እውነቷን ነው።

በሚያዝያ የባንዲራው ገመድ አለቀ። ጩማ ለእሸቴ ነገረው፤ እሸቴ ወደ ሶዶ ጻፈ፤ ከሶዶ መልስ አልመጣም። የሚያዝያ 27 በዓል ደግሞ ቀርቧል። ጩማ ቤቱ ገብቶ ቀና ሲል ከጣሪያው ወጋግራ ላይ የተንጠለጠለውን ቃጫ አየ። ፈጠነች በመጨረሻዎቹ ወራት እንሰት ስትፍቅ ያወጣችው፣ ታጥቦና ደርቆ እንደ ጸጉር የሚያበራ ጭረት ነው። እስከዚያች ቀን እጁን አላስነካውም ነበር። አወረደው። መደቡ ላይ ተቀምጦ እየገመደ፣ እያጠበቀ፣ ረጅም ገመድ አደረገው። ከቃጫ የሚጠነክር ገመድ በአገሩ አያውቅም። በእንጨቱ ጫፍ ባለው የብረት መዘውር አሳልፎ ሲሞክረው ገመዱ ያለ እንከን ሮጠ። እሸቴ እንኳ ጎትቶ አይቶት «ይህስ የሶዶውን ያስንቃል» አለ።

ያላሰቡት ዝናቡን ነው። ለበዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በገበያ ቀን ዋዜማ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ጩማ ፊሽካውን ነፋ፤ ሰው ቆመ፤ ባንዲራው መውጣት ጀመረ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ጎተተ። አልሄደም። ወደ ታች ሳበ። እምቢ አለ። ውሃ የጠጣው ቃጫ አብጦ መዘውሩ ውስጥ ተወትፏል።

ጩማ ሁለት እጁን ገመዱ ላይ ጠምጥሞ ተንጠለጠለ። እንጨቱ ጎበጠ እንጂ ገመዱ አልነቃነቀም። ዞር ሲል የቆመው መንገደኛ ሁሉ ባንዲራውን አንጋጦ ያያል። አንዲት ሴት ሸክሟን ቀስ አድርጋ አወረደች። ከዚያ ነጠላዋን ከወገቧ ላይ አሰረችና ጮኸች።

«ኧረ የለም! ገመዱ ነው!» አለ ጩማ። «ገመዱ ነው የያዘው!»

ማን ይሰማዋል? ገበያተኛው ገና እየመጣ ነው፤ የሚመጣው ሁሉ ከሩቅ የሚያየው ባንዲራውን ነው። ባንዲራው ያውቃል ብሎ ያስተማራቸው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ወሬው ወደየመንደሩ ሮጠ። እቴጌ ቀድመው አርፈዋል፤ አሁን ማን ቀረ? ጃንሆይ።

ፀሐይ ሳትጠነክር ጥሩንባው ተሰማ። ጦርና ጋሻ የያዙት መጡ፤ ዱንጉዛ የለበሱት መጡ። አባ ባዳቾ ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊት ናቸው። ደገፉ ሱቁን ከፍቶ ጥቁር ጨርቅ መቁረጥ ጀመረ።

ባላምባራስ አድነው ከቤታቸው ሲወጡ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ባንዲራውን ባዩ ጊዜ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ማን አዘዘህ?» አሉት ጩማን በሹክሹክታ።

«ማንም አላዘዘኝም፣ ጌታዬ። ተወትፎ ነው።»

«ምኑ?»

«ገመዷ።»

ባላምባራስ ፊታቸው ጠቆረ። ባርኔጣቸውን ሊደፉ ወደ ራሳቸው አነሡት፤ ከዚያ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «እሸቴ፣ ስልኩ?»

«ከሌሊቱ ጀምሮ ተቋርጧል፣ ባላምባራስ።»

«እንግዲያው አናውቅም ማለት ነው።»

«ምኑን?»

«አንተ ደግሞ! እውነት ቢሆንስ? አምላክ አያድርገውና፣ እውነት ቢሆንና ባንዲራ ከፍ ባደርግ ምን ይሉኛል? ሐሰት ሆኖ ዝቅ እንዳለ ባስቀምጠውስ?» ባርኔጣውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት። «ይቆይ። ማንም እንዳይነካው።»

ይሁንና ብዙም ሳይቆዩ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ የቦምቤው ፖሊስ አሥር አለቃ ቶማ እንጨቱ ላይ ወጥቶ መዘውሩን እንዲያስለቅቅ አዘዙ። ቶማ ጫማውን አወለቀ፤ በእርጥቡ ባሕር ዛፍ ላይ ጥቂት ተሳበ፤ ከዚያ እንጨቱን እንዳቀፈ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። አልቃሾቹ ከሐዘን ብዛት የወደቀ መሰላቸው። ሁለት ሴቶች ደግፈው አነሡትና «አይዞህ ልጄ፣ ለሁላችንም ነው» አሉት።

ጩማ በዚህ ሁሉ መሐል ከእንጨቱ ሥር አልተነቃነቀም። እጁ ገመዱ ላይ ነው። እስር ቤቱን አሰበ፤ ንጉሥ ሳይሞት ሞተ ያለ ሰው ምን እንደሚደረግ አሰበ። ያም ሆኖ ከሁሉ በላይ ያስፈራው የሚቀጥለው ጠዋት ነበር። ፊሽካውን ሌላ ሰው ሲነፋ እሱ መደቡ ላይ ተኝቶ ይሰማል። ከዚያስ?

ቀትር ላይ የደገፉ ሬዲዮ ጮኸ። ደገፉ መቀሱን ጣለና ሬዲዮውን አቅፎ እየሮጠ መጣ። ባላምባራስ እጃቸውን አነሡ፤ ጥሩንባው ዝም አለ። ከአዲስ አበባ ተናጋሪው ያለ ምንም ጭንቀት፣ ግርማዊነታቸው ዛሬ ጠዋት በቤተ መንግሥት እንግዶችን ተቀብለው ማነጋገራቸውን ተናገረ። ጩማ ለሕዝቡ መተርጎም ነበረበት፤ እሱ ግን ገመዱን እንደጨበጠ እንጨቱን ተደግፎ ቀረ። የተረጎመው ቶማ ነው።

ግቢው ውስጥ እልልታ ፈነዳ። ሰው ሳቀ፣ ተቃቀፈ። ጥቁር ጨርቅ የገዙት ወደ ደገፉ ዞሩ። ደገፉም «የተቆረጠ አይመለስም፤ አንድ ቀን ይፈልጋችኋል» አላቸው።

ባላምባራስ ባርኔጣቸውን ደፉ። ፍርሃታቸው ሲለቃቸው ቁጣቸው መጣ። «አንተ ጩማ! ጃንሆይን በቁማቸው አስለቀስክባቸው! ነገ ታስረህ ሶዶ ትሄዳለህ!»

አባ ባዳቾ ወደ ፊት ወጡ። «ጌታዬ፣ ያለቀስነው እኛ ነን። እሱ ገመድ ነው የጎተተው።»

«የማን ገመድ?»

«ይቆዩኝ። በእኛ አገር ሳይሞት የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል። በእናንተስ አገር?»

ባላምባራስ መለሱ። «በእኛም ይባላል።»

«እንግዲያው ዛሬ ቦምቤ ለጃንሆይ ዕድሜ ጨመረች።» አባ ባዳቾ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ይርዘምላቸው!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ። እሸቴም አሜን አለ። ባላምባራስ ዙሪያውን አዩ። አሜን ያላለ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስለዚህ እሳቸውም አሜን አሉ።

«ክሱ ይቅር» አሉ። «ፊሽካውንና ገመዱን ግን ለአሥር አለቃ ቶማ አስረክብ። ከዛሬ ጀምሮ ባንዲራ የሚሰቅለው እሱ ነው።»

ጩማ «እሺ፣ ጌታዬ» አለ። ፀሐይዋ ጠንክራለች፤ ገመዱ መዳፉ ውስጥ ደርቆ ሞቋል። ሳብ ሲያደርገው መዘውሩ አንዴ ጮኸ፤ ከዚያ ቃጫው ሮጠ። ባንዲራው እስከ ጫፍ ወጣና ተዘረጋ። ሕዝቡ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጩማ ገመዱን እንጨቱ ላይ አሰረ። ቶማ ፊሽካውን ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ለገመዱ እጁን ዘርግቶ ጠበቀው። ጩማ ግን ቋጠሮውን አልለቀቀም።

«ስጠው እንጂ!» አሉ ባላምባራስ።

«እሰጣለሁ፣ ጌታዬ። ትንሽ ነው።» ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ቋጠሮው ላይ አደረገ። «ይቺን ቃጫ የፋቀው ፈጠነች ነው። ሌላ የእጁ ሥራ ቤቴ ውስጥ አልቀረም።»

ከሴቶቹ ወገን ማጉረምረም ተሰማ። እታፈራሁ ወደ አባ ባዳቾ ጠጋ ብላ ጆሯቸው ላይ ተናገረች። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና ወደ ባላምባራስ ዞሩ።

«ጌታዬ፣ ይህ ሰው ሚስቱን የቀበረው ለበዓላችሁ ሲል ድምፃችንን አፍኖ ነው። እኛም እሺ አልን፤ ከዚያ ተበታተንን። ጥፋቱ የእኛም ነው። ዛሬ ለቅሶ ይዘን ከቤታችን ወጥተናል። ወደ ቤት ይዘነው አንመለስም፤ ለቅሶ ቤት ከገባ የሚሞት ሌላ ሰው ይፈልጋል። እዚህ ልናራግፈው ይፍቀዱልን።»

ባላምባራስ ባንዲራውን አዩ፤ ጩማን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። አባ ባዳቾ ፈቃድ አድርገው ወሰዱት።

ጥሩንባው እንደገና ተነፋ። ወንዶቹ ጦራቸውን እያወዛወዙ ዞሩ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ስሟን ጠሩ፤ እንሰት ስትፍቅ ጓሮዋ እንዴት እንደሚደምቅ፣ ጎረቤት ሲታመም እንዴት ቀድማ እንደምትደርስ፣ ተራ በተራ እያነሡ አለቀሱላት። ጩማን ከእንጨቱ አላቀው መሐል አስገቡት። ጥቅምት ላይ ያልወጣው ድምፅ ያን ቀን ወጣ። የንጉሡ ባንዲራ እስከ ጫፍ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ የአንድ ዘበኛ ሚስት በጦርና በጋሻ ተለቀሰላት። እሸቴ የጽሕፈት ቤቱን መስኮት ከፍቶ ቆሞ አየ፤ በኋላም ወርዶ ገባ።

ለቅሶው ያበቃው ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ነው። የማውረጃው ሰዓት ደርሷል። ባላምባራስ ቶማን አዩት። ቶማ ፊሽካውን ከኪሱ አወጣ፤ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ ወደ ጩማ ሄዶ እጁ ላይ አስቀመጠለት።

«አሥር አለቃ!» አሉ ባላምባራስ።

«ጌታዬ፣ እኔ ዛሬ ከዚያ እንጨት ላይ ወድቄያለሁ። ሰው ይስቅብኛል።»

ሳቁ ከሕዝቡ ነው የጀመረው። ባላምባራስም ፈገግታቸውን በጢማቸው ሸፈኑት። «ምን ትጠብቃለህ፣ ጩማ? ሰዓቱ ደርሷል።»

ጩማ ነፋ። ድምፁ ተዘግቶ፣ ዓይኑ አብጦ፣ ባንዲራውን አወረደ፤ መሬት ሳያስነካ ተቀበለው፤ አንበሳውን ወደ ውስጥ አድርጎ አጠፈው።

ባላምባራስ ሊሄዱ ሲሉ ዞር አሉ። «ያንን ገመድ ደግሞ ማታ ማታ እየፈታህ ቤትህ አስገባው። ዝናብ እንዳይመታው።»

ጩማ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው የቃጫውን ገመድ ከመዘውሩ ያወጣል፤ ጠዋት መልሶ የሚስብበት ቀጭን ሲባጎ በቦታው ይተዋል። ገመዱን ጠቅልሎ በትከሻው አንጠልጥሎ ብቻውን ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያገኘው ሰው «እንዴት ዋላችሁ?» ይለዋል። «ደህና ዋልን» ይላል ጩማ።